«ላንቺ አስበን ነው»

ለዓመታት የመስሚያ መሣሪያዬን ባትሪ የምቀይረው ሽንት ቤት ገብቼ፣ በር ቆልፌ ነበር።

ባትሪው ሊያልቅ ሲል መሣሪያው ጆሮዬ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠራኛል። ቲት፣ ቲት። ከእኔ በቀር ማንም አይሰማውም። ያኔ ስብሰባው የቱንም ያህል ቢጦፍ፣ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ብድግ እላለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለውን አሮጌ ባትሪ አወጣለሁ። የአዲሷን ብርቱካናማ ተለጣፊ እልጣለሁ። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ሥራ የሚጀምረው አየር ሲያገኝ ስለሆነ፣ አንድ ደቂቃ ያህል መዳፌ ላይ አቆያታለሁ። ከዚያ ፀጉሬን ጆሮዬ ላይ መልሼ፣ በመስታወት አረጋግጬ እመለሳለሁ። በዚያ መሃል ሦስት ሰው ተናግሯል። አንድ ነገር ተወስኗል። እኔ ግን ማንም ስላላወቀብኝ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ደስታ ነው። ብዙ አስከፍሎኛል።

ሁለቱም ጆሮዎቼ ከልጅነቴ ጀምሮ በደንብ አይሰሙም። ግራው ከቀኙ ይብሳል። በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። ሥራዬ ሰነድ ማገላበጥ፣ ቁጥር ማመሳከር፣ ሰው ጠይቆ መልሱን መመዝገብ ነው። ሰነዱና ቁጥሩ አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚከብደኝ ሰው መጠየቁ ነው። መሣሪያው ድምፅ ያጎላል እንጂ ጆሮ አይተካም። የተናጋሪውን ድምፅ ሲያጎላ የአየር ማቀዝቀዣውንም፣ የወንበሩንም መንቋቋት፣ የወረቀቱንም መንኮሻኮሽ አብሮ ያጎላል። የቀረውን የማገኘው ከከንፈር ነው።

ከንፈር ማንበብ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው መጽሐፍ እንደማንበብ አይደለም። «በ»፣ «መ» እና «ፐ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ሦስቱም የሚወጡት ከንፈር ገጥሞ ሲከፈት ነው። እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «መላ» በሉ። ቀጥላችሁ «በላ» በሉ። ከዚያ «መራ» እና «በራ»። ልዩነቱ ይታያችኋል? ለእኔም አይታየኝም። «ከ»፣ «ገ» እና «ቀ» ደግሞ አፍ ውስጥ ወደ ኋላ ስለሚፈጠሩ ከነጭራሹ አይታዩም። ስለዚህ ግማሹን አያለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይዤ ወደ መጀመሪያው እመለስና «አሃ፣ እንዲህ ማለቱ ነው» እላለሁ። እስከዚያ ሰውየው ሌላ ዓረፍተ ነገር ጨርሷል።

ይህን ቀኑን ሙሉ አደርጋለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ አንገቴ ድረስ ይደክመኛል። ማንም ባያናግረኝ ደስ ይለኛል። መሣሪያውን አውልቄ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ የሚሰማኝ ጸጥታ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ መደበቁ አለ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ሰው ራሱን ሲነቀንቅ እነቀንቃለሁ። «እየተከታተልኩ ነው» የሚል ፊት አለኝ፤ ቅንድቤን ከፍ አድርጌ፣ እስክሪብቶዬን አገጬ ላይ አስደግፌ። ዓመታት የሠራሁበት ፊት ነው። ለሥራዬ የሚሆነኝን ጉልበት ለዚያ ፊት ስከፍል ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ስብሰባ ተቀምጠናል። ሪፖርቱ የሚደርስበት ቀን ተነገረ። መስኮቱ ከተናጋሪው ጀርባ ስለነበር ፊቱ ጨልሞብኛል። «ሰባት» ይበል «ስምንት» አልለየሁም። ሁለቱም በ«ሰ» ይጀምራሉ፣ መሃል ላይ ከንፈር ይገጥማሉ፣ በ«ት» ያልቃሉ። መጠየቅ እችል ነበር። አንዲት ጥያቄ ናት። አልጠየቅኩም። ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ነበር።

ሪፖርቱ አንድ ቀን ዘገየ። ኃላፊዬ ጠርተው ሲጠይቁኝ «ዘንግቼው ነው» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያ መልስ ከስህተቱ የባሰ ነው። ግዴለሽ መባልን ከደንቆሮ መባል መረጥኩ።

ይህን ቃል ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። በቋንቋችን «ደነቆረ» ማለት ጆሮው መስማት አቆመ ማለት ነው። «ድንቁርና» ደግሞ አለማወቅ ነው። ሁለቱ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የማይሰማ ሰው የማያውቅ ሰው ነው ብሎ ቋንቋው ራሱ ፈርዷል። ልጅ ሆኜ በዚህ ቃል የሰደቡኝ ነበሩ። አድጌ ቢሮ ስገባ ግን ይበልጥ ያመመኝ እኔን ሲሰድቡኝ ሳይሆን ሌላውን ሲሰድቡ ነው። አንዱ ስብሰባ ላይ ያልገባውን ሰው «ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው» ብሎ ያልፋል። ማንም ወደ እኔ አያይም፤ የሚያውቅ የለማ። እኔም ከሰዎቹ ጋር ፈገግ እላለሁ። ሪፖርት ላይ «የዕውር ድንብር ውሳኔ»፣ «ሽባ የሆነ አሠራር» እያልን እንጽፋለን። እኔም ጽፌያለሁ። ዛሬ አልጽፍም፤ «ያልተጠና ውሳኔ» ስል የተሻለ ይገልጸዋል፣ ማንንም አይወጋም።

ነገሩ የስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያን ሚላን ውስጥ መስማት የተሳናቸውን ስለማስተማር ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ከ160 በላይ ተሳታፊዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጉባኤው በንግግር ማስተማር ከምልክት ቋንቋ ይበልጣል ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ የምልክት ቋንቋ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ተባረረ። ቋንቋው ሲወጣ መስማት የተሳናቸው መምህራንም አብረው ወጡ፤ ሥራቸውን አጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ያው ጉባኤ ቫንኩቨር ላይ ሲሰበሰብ የሚላኑን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ ጸጸቱን ገለጸ። በመሃሉ 130 ዓመት አልፏል። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሚላን ላይ እጃቸውን ያወጡት ሰዎች ክፉ ለመሥራት አለመሰብሰባቸው ነው። ለልጆቹ ያሰቡ መስሏቸው ነው።

እኔም ጋ የመጣው እንደዚያው ነው።

የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነ። በሥራ ዘመንም፣ በውጤትም ተራው የእኔ ነበር። ያንን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ቦታውን ያገኘው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ሥራውን ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ቢሮው ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው የሰማሁት። ለካ መሣሪያዬን ያየ ሰው ነበር። ለካ ብዙ ሰው ያውቅ ነበር። እኔ ለዓመታት የደበቅኩት ከራሴ ብቻ ነው።

ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። ለምን እኔ እንዳልታሰብኩ ጠየቅኳቸው። ድምፃቸው ለሰለሰ። «ላንቺ አስበን ነው» አሉኝ። «ስልክ ይበዛበታል። ስብሰባ ይበዛበታል። ለምን ትጨናነቂያለሽ?»

ክፉ ሰው አይደሉም። ታምሜ ተኝቼ ሳለ ከቢሮው ቀድመው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ነገሩ የከበደኝ። ክፉ ቢሆኑ መቆጣት እችል ነበር። ለሚያዝንልህ ሰው ምን ትለዋለህ? «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። አመሰግናለሁ! ቦታዬን ወስደው አመሰገንኳቸው። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው የገባኝ፤ ቢሮ ውስጥ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ስልክ እንዴት እንደምትጠቀሚ ንገሪን አላሉም። ምን ቢደረግ ይቀልሻል አላሉም። ስለ እኔ ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ከእኔ ሳይጠይቁ።

ይህን ነገር በእንግሊዝኛ «ኤብሊዝም» ይሉታል። በአማርኛ ቁርጥ ያለ ስም አላገኘሁለትም። የሰውን አካል አይቶ የሰውየውን ልክ መወሰን ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው ንቀት ብቻ ይመስለዋል። በሥራ ቦታ ግን ንቀት ሆኖ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንክብካቤ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከንፈር መምጠጥ ሆኖ ነው። ወይም አድናቆት ሆኖ። «እንደዚያ ሆነሽ ይህን ሁሉ መሥራትሽ!»

ስለዚህ አድናቆት ስቴላ ያንግ የተባለች አውስትራሊያዊት ጋዜጠኛ በደንብ ተናግራበታለች። በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገችው ንግግር የነገረችው ታሪክ አለ። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች የአካባቢዋ ሰዎች ሽልማት ሊሰጧት ፈለጉ። ወላጆቿ ደስ አላቸው፤ አንድ ችግር ብቻ ነበር። ልጅቷ ምንም የተለየ ነገር አልሠራችም። ትማራለች፣ ከትምህርት ቤት መልስ ትሠራለች፣ እንደ እኩዮቿ ነበረች። ያንግ በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈች። እኔ ግን ሥራዬን በሰዓቱ ስላስረከብኩ ብቻ ባጨበጨቡልኝ ቁጥር አስታውሳታለሁ። ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ሥራ ለእኔ ተአምር ከሆነ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ከመጀመሪያው ምንም ነበር ማለት ነው። ምንም ለማይጠበቅበት ሰው ደግሞ ማን ሹመት ይሰጣል?

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሳይሞላ ለሥልጠና ተላክሁ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የመጡ ሰዎችም ነበሩ። አንደኛው መስማት የተሳነው የሒሳብ ባለሙያ ነው። አስተርጓሚው ከአሠልጣኙ ጎን ቆሞ በምልክት ቋንቋ ያስተላልፍለታል።

ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር። ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። «እኔ እንደሱ አይደለሁም» አልኩ በልቤ። እኔ እናገራለሁ፤ እኔ ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ፤ እኔ አያስታውቅብኝም። ሰው ሁሉ እኔ ላይ ያደርገዋል ብዬ የማለቅስበትን፣ በዚያች ቅጽበት እኔው እሱ ላይ አደረግሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውይይቱ ጦፈ። አራት ሰው ባንድ ጊዜ ያወራል። እኔ የለመድኩትን ፊቴን አድርጌ፣ እስክሪብቶዬን አገጬ ላይ አስደገፍኩ። እሱ እጁን አነሳ። ያየው የለም። ጠረጴዛውን በመዳፉ ሁለቴ መታ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በእጁ ተናገረ፤ አስተርጓሚው በድምፅ አወጣው።

«አስተርጓሚው አንድ ነው፤ እናንተ አራት ናችሁ። ተራ በተራ ተናገሩ። የሚናገረው ሰው እጁን ያንሳ፣ ማን እንደሆነ ልይ።»

ይቅርታ አላለም። አልተቆጣም። አልተለማመጠም። መስኮቱን ክፈቱልኝ እንደሚል ሰው ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ በነበረው አንድ ሰዓት ተኩል ሁሉንም ነገር ተከታተልኩ። ሁሉንም! ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ለምን እንደተሳቀ። በመጨረሻ የተነገረው ቀልድ ገብቶኝ ነው የሳቅኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጎኔ ያለችው ሴት ጉንፋን የያዘኝ መስሏት መሀረብ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ይቻላል ማለት ነው? ጆሮዬ ያው ጆሮዬ ነው። ባትሪው ያው ባትሪ ነው። የተቀየረው ስብሰባው ነው።

በኋላ ሳነብ፣ ይህን ሐሳብ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ከብዙ ዓመታት በፊት በጽሑፍ እንዳሰፈሩት አወቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 በብሪታንያ አንድ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ባወጣው ሰነድ፣ የአካል ሁኔታ አንድ ነገር ነው፣ ከኅብረተሰቡ የሚያስቀረን ደግሞ ሌላ ነገር ነው ብሎ ለይቷል። ሁለተኛውን የሠራው ኅብረተሰቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክ ኦሊቨር የተባሉ ምሁር «ማኅበራዊ ሞዴል» የሚል ስም ሰጡት። እኔ መቶ በመቶ አልቀበለውም። ስብሰባ የቱንም ያህል ቢስተካከል ያልሰማሁት ሹክሹክታ አይመለስልኝም፤ ድካሙም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ግን ስንቱን የስብሰባ ጥፋት ጆሮዬ ላይ እያላከክኩ እንደኖርኩ ያሳየኝ እሱ ነው።

ሥልጠናው ሲያልቅ ወደ ሰውየው ሄድኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ፀጉሬን ከጆሮዬ ላይ አነሳሁና አሳየሁት። አየኝ። ወደ አስተርጓሚው ዞሮ በእጁ አንድ ነገር አለ።

«ጠዋት ሁለት ነበርን ማለት ነው» አለኝ አስተርጓሚው።

በሕይወቴ እንዲህ የነካኝ ወቀሳ የለም። ወቀሳ መሆኑንም አላውቅም። ጠዋትም ሰው እየተሻማ ነበር የሚያወራው። ጠዋት እሱ ብቻውን ሲታገል እኔ ፊቴን አሳምሬ ተቀምጬ ነበር። መደበቄ እኔን ብቻ የጎዳኝ ይመስለኝ ነበር። እሱንም ብቻውን አስቀርቶት ነበር።

«ኩራት» የሚለው ቃል የገባኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። የአካል ጉዳተኞች ኩራት የሚባል ነገር እንዳለ ቀድሞም ሰምቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ላይ በዚህ ስም ሰልፍ ወጥተዋል፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ቺካጎ ላይ። ስሰማው አልተዋጠልኝም ነበር። ባልሰማ ምኑ ያኮራል? ኩራት የምናገኘው በሠራነው ነገር አይደል? ደግሞ በእኛ ቋንቋ ኩራት ከትዕቢት ጋር ይምታታል። ሌላም ትርጉም ግን አለው። «ኩራት እራቱ» የምንለው ሰው አለ። የሌለው ሰው ነው፤ ግን አንገቱን አይደፋም። ሰው ፊት ራሱን አያሳንስም። እኔ የፈለግኩት ኩራት ያንን ይመስላል። መስማት አለመቻሌን ማድነቅ አይደለም። በእሱ ምክንያት አንገት መድፋት ማቆም ነው።

ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። የዓለም ጤና ድርጅት 1.3 ቢሊዮን ሰው ከባድ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። መስማት በመቀነሱ ምክንያት እርዳታ የሚያስፈልገው ከ430 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰው የተቀመጠበት ስብሰባ ስገባ አሁን እቆጥራለሁ። በአማካይ ሁለት። ሁለተኛው ማን ይሆን?

የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም አካል ጉዳተኛን እንዳያገልል የሚከለክል ሕግ ወጣ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን አራት ዓመት ሳይፈረም ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1977 ከመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተው አንወጣም አሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ውስጥ ያሉት ሰዎች ወደ ውጭ እንዳይነጋገሩ ስልክ ተቆረጠባቸው። ያኔ መስማት የተሳናቸው ሰዎች መስኮት ላይ ቆመው በምልክት ቋንቋ ውጭ ካሉት ጋር መነጋገር ቀጠሉ። ስልክ የማያስፈልገው ቋንቋ የነበራቸው እነሱ ናቸው። ደንቡ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ተፈረመ። ይህን ሳነብ «ስልክ ይበዛበታል» የተባልኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የሆነውም አለ። ዋሽንግተን የሚገኘው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመው በ1864 ነው። ለ124 ዓመታት ግን ፕሬዚዳንቶቹ ሁሉ የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። አሁንም የምትሰማ ሴት ስትሾም ተማሪዎቹ ግቢውን ዘጉ። በአንድ ሳምንት ተሿሚዋ ለቀቁና አይ. ኪንግ ጆርዳን የተባሉ ምሁር የመጀመሪያው መስማት የተሳናቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። መስማት የተሳነው ሰው ከመስማት በቀር ሁሉን ማድረግ ይችላል ያሉት እሳቸው ናቸው። 124 ዓመት ሙሉ ያ ቦታ ለእነሱ አይሆንም ያሉት ሰዎች ምን ብለው ይሆን? ላንቺ አስበን ነው፣ ሳይሉ አይቀሩም።

ወደ ቢሮዬ ልመለስ። ከሥልጠናው በኋላ በነበረው ሰኞ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስሬ ገባሁ። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ለቡድኑ አጭር ኢሜይል ጻፍኩ። አራት ነገር ጠየቅኩ። የስብሰባው አጀንዳ ቀድሞ በጽሑፍ ይምጣ። ተራ በተራ እንናገር። ቁጥርና ቀን ሲነገር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። እኔ መስኮቱን ከጀርባዬ አድርጌ ልቀመጥ፣ ብርሃኑ የእናንተ ፊት ላይ እንዲያርፍ። ይኸው ነው። አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

(በነገራችን ላይ፣ ኢሜይሉ የተላከበትን ኢንተርኔት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ቪንት ሰርፍ የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰው ናቸው። በስልክ መስመር የሚሠራውን የጽሕፈት ስልክ እ.ኤ.አ. በ1964 የፈለሰፈው ሮበርት ዋይትብሬክትም መስማት የተሳነው የፊዚክስ ባለሙያ ነበር። የምንጽፍበትን መንገድ ያበጁልን እነሱ ሆነው እኛ ለመጻጻፍ ይቅርታ እንጠይቃለን።)

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይጮህብኝ ገባ። ጩኸት ለእኔ አይጠቅምም፤ ከንፈርን ያዛባል፣ መሣሪያው ውስጥም ድምፁን ይሰባብረዋል። ሌላዋ እኔን ማናገር ትታ ጎኔ ላለው ሰው «ንገራት» ማለት ጀመረች። ተራ በተራ መናገሩ ሁለት ሳምንት ሠራና ተረሳ። እንደገና ጠየቅኩ። እንደገና ተረሳ። እንደገና ጠየቅኩ። ሰሌዳው ላይ መጻፉ ግን ጸና። ምክንያቱም ቁጥር የሚስተው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ለካ ሌላውም ሰው ሰባትንና ስምንትን ያምታታ ነበር።

ኃላፊዬ ጋ ተመልሼ ገባሁ። በዚህ ጊዜ የምለውን ጽፌ ነበር የገባሁት። «ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን ሳያስቡልኝ በፊት ይጠይቁኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ስለ ተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የጸደቀ ነው። አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ይናገራል፤ ቅጥርንም ዕድገትንም ያካትታል። አንቀጽ 2 ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ሰውየው ከሌሎች እኩል እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ፣ መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ማመቻቸት ውለታ አይደለም ማለት ነው። እሳቸው ይህን አያውቁም ነበር። እኔም እስከ ባለፈው ዓመት አላውቅም ነበር፤ በሌላ ሰው ሒሳብ ላይ አንቀጽ እየጠቀስኩ የምኖር ሰው ሆኜ።

ቦታው አልተመለሰልኝም። ከጊዜ በኋላ ሌላ ቦታ አመለከትኩ። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ መሣሪያዬን ሳሳያቸው ፊታቸው ሲቀዘቅዝ አየሁ። ፊት የማንበብ ልምድ ስላለኝ አልተሳሳትኩም። ደብዳቤያቸው ሳይመጣ መልሱን አውቄዋለሁ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሰብሳቢዋ ሴትዮ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እንግዲያው ይህን ቃለ መጠይቅ እንዴት ብናደርገው ይመችሻል?» ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ እንዲያዞሩ ነገርኳቸው። አዞሩ። ዛሬ የምሠራው እዚያ ነው። ስምንት ሰው ያለበት ቡድን እመራለሁ። ስልክ ይበዛበታል።

ይህን ሳነብላት አንዲት ጓደኛዬ «ታዲያ ሁሉም ሰው ይናገር ነው የምትይው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ያለባት ሕመም አይታይም፤ ቢሮዋ ቢያውቅ ኮንትራቷን እንደማያድሱላት ታውቃለች። አይ፣ ተናገሪ አልላትም። መናገር የሚቻለው ስትናገር የማትባረሪበት ቦታ ሲኖር ነው። እኔ ስናገር የሥራ ዘመንም፣ ስምም ነበረኝ። እሷ ኪራይና ልጅ አላት። የሚናገር ሰው በሯን ገርበብ ያደርግላታል እንጂ ገፍቶ አያስወጣትም። ይህን ለማለት አሁንም ትክክለኛውን ቃል እየፈለግኩ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ስብሰባ ላይ ነበርን። ከቡድኔ ትንሹ ልጅ ስለ ንብረት ቆጠራው እያስረዳ ነው። መሃል ላይ መሣሪያዬ ቲት፣ ቲት አለ። እጄን አነሳሁ። ባትሪዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ብርቱካናማ ተለጣፊዋን ልጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ልጁ ንግግሩን አቁሞ ጠበቀኝ። ሌሎቹ ወረቀታቸውን ያያሉ፤ አንዷ ስልኳን ትነካካለች። ማንም አልተጨነቀም። አንድ ደቂቃው አለፈ። ባትሪዋን ከተትኩ፣ መሣሪያውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ተመለሰ።

«ቀጥል» አልኩት። «የጎደለው ሰባት ነው ያልከው ስምንት?»

ማርከሩን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ።